ሰባተኛው ደጅ

2016 ዓ.ም. ነበር፤ ሁዳዴ፣ የምኩራብ ሳምንት። የበልግ ዝናብ ስለዘገየ ኮዬ ፈጬ ውስጥ አቧራው በየብሎኩ መካከል ይዞር ነበር።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ተከራዬ የወጥ ቤቱን በር ገፍታ ገባች። ሳታንኳኳ ገብታ አታውቅም። ስልኳን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

ተከራዬ ፊሊፒናዊት ናት። ቂሊንጦ ካለ አንድ የልብስ ፋብሪካ የስፌት አሠልጣኝ ሆና ነው የመጣችው። እኔ ዘንድ ያመጣቻት ከምታሠለጥናቸው ልጆች አንዷ ናት። ባለቤቴ ካረፈ፣ ልጄም አግብታ አዳማ ከገባች ወዲህ አንዱ መኝታ ክፍል ባዶ ነበር። ተከራዬ አማርኛን የለመደችው ከማሽን ድምፅ በላይ እየጮኸች ስለሆነ የምታውቀው ትእዛዝ ብቻ ነው። «ቶሎ በይ»፣ «ፍቺው»፣ «ድገሚ»፣ «ጥሩ ነው፣ ቀጥይ»። ልጆቹ ትልቅ ሴት ማዘር ብለው ስለሚጠሩ እኔም ማዘር ሆንኩ። «ማዘር፣ ብዪ!» ትለኛለች፣ ሩዟን ስታካፍለኝ። «ማዘር፣ ተኚ!» ትለኛለች፣ ሲደክመኝ ስታይ። መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። በኋላ ግን እንዲህ የሚያዝዘኝ ሰው በቤቴ በመኖሩ አመሰገንኩ።

«ዓርብ ጠዋት» አለችኝ። «ዶክተር ዓርብ ጠዋት ይከፍታል።» በጣቷ ደረቷ ላይ ከላይ ወደ ታች መስመር አሰመረች።

የምትለው ስለ ልጇ እንደሆነ ገባኝ። ለእናቷ ትታት የመጣች የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለባት። በየእሑዱ በስልክ ሲተያዩ ስልኩን ወደ እኔ ታዞረዋለች፤ ልጅቷም የወለቀ ጥርሷን እያሳየች «ሃሎ ማዘር» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ቋንቋዋን ስለማላውቅ እጄን እያውለበለብኩ እስቅላታለሁ። ይኸው ነው ትውውቃችን።

የቀዶ ጥገናውን ተራ ሲጠብቁ ከርመዋል። የእነሱ ፋሲካ በዚያው ሳምንት ስለሚውል ሐኪሞቹ ከበዓሉ በኋላ ብለው ነበር። ያን ቀን ግን የልጅቷ ከንፈር ጠቆረና ሆስፒታል አስገቧት፤ በዓሉን አንጠብቅም አሉ። እናትየው አውሮፕላን ብትሳፈር እንኳ ከዓርብ በፊት አትደርስም።

ከዚያ በቁርጥራጭ አማርኛ፣ በእጇና በስልኳ ፎቶ እያገዘች የመጣችበትን ነገር ተናገረች። በአገሯ ካቶሊኮች በጸሎተ ሐሙስ ቀን ሰባት ቤተክርስቲያን ይዞራሉ፤ በየአንዳንዱ ገብተው ይጸልያሉ። ከእናቷ ጋር ከልጅነቷ ጀምራ ስትዞር አድጋለች። ዘንድሮ ደግሞ ስለ ልጇ ተስላለች፤ ሐኪሞቹ ልጅቷን ከመንካታቸው በፊት ሰባቱን ልትጨርስ።

«ማዘር፣ ሰባት ካቶሊክ። ነገ። አሳዪኝ።»

«እሺ» አልኳት።

እኛ ቤት እሺ ይቀድማል፤ እንዴት የሚለው ኋላ ይመጣል። እሷ እፎይ ብላ ወደ ክፍሏ ስትገባ እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ዕድሜዬን ሁሉ አቃቂና ቃሊቲ ኖሬ የማውቀው የካቶሊክ ቤተክርስቲያን አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ከታክሲ መስኮት። የሰው ስለት እጄ ላይ ወደቀ ብዬ ሳህን አጠብኩ፤ የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩ።

ሲነጋ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

«አባቴ፣ እንግዳዬን ካቶሊክ ቤተክርስቲያን ላደርሳት ነው። ልጇ ታማባታለች። ምን ይሉኛል?»

ሳቁ። «መንገድ ማሳየት መቼ ከለከልኩሽ? እሷ ትግባ፤ አንቺ ደጁን ተሳልመሽ ጠብቂያት። ዛሬ ገብርኤል ነው፤ እሱ ይቅደምላችሁ።»

እውነትም ወርኃዊው ገብርኤል ነበር። ደረጃው ላይ ጎረቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወርድ አገኘችን።

«አብረን አንሄድም እንዴ?» አለችኝ።

«ዛሬ ከእሷ ጋር መንገድ አለኝ።»

«የት?»

«ካቶሊክ።»

ደረጃው መሐል ቀጥ አለች። «በሁዳዴ? በገብርኤል ቀን? እቴ፣ በስተርጅና ልትኮበልዪ ነው?»

«ደጅ ነው የምቆመው።»

«ደጅ ነው የምቆመው ብለው ገብተው የቀሩ አሉ» ብላ ሳቀችብኝ። ስለ ልጅቷ ስነግራት ግን ሳቋን ተወች። ከያዘችው ጧፍ ሁለት መዝዛ እጄ ላይ አኖረች። «አብሪላት። እኔም ለገብርኤል እነግርላታለሁ።»

ተከራዬ ከታች ሆና «ማዘር! ቶሎ ቶሎ!» እያለች ትጣራ ነበር።

ታክሲው ነጠላ በለበሱ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። ቆመን ሄድን ማለት ይቻላል። ቃሊቲ ወርደን ያቺን ከመስኮት የማውቃትን ቤተክርስቲያን ፈልገን ስንደርስ የብረት በሩ ተዘግቷል። አንኳኳሁ። ዘበኛው ትንሿን በር ከፍቶ አንገቱን አወጣ።

«ዛሬ ምንም የለም እናቴ» አለኝ።

«እንዴት? ለእናንተ ጸሎተ ሐሙስ አይደለም?»

«ኧረ እናቴ! እኛም ከናንተው ጋር ነን የምንጾመው። ጸሎተ ሐሙስ ገና ከወር በላይ ይቀረዋል።»

ካቶሊክ ሁሉ ከፈረንጅ ጋር የሚያከብር ይመስለኝ ነበር። እሷ ደግሞ ካቶሊክ በዓለም ሁሉ በአንድ ቀን የሚያከብር ይመስላት ነበር። ማታ እሺ ከማለቴ በፊት አንዳችን አንዳችንን አልጠየቅንም።

ዘበኛው እሷን ከላይ እስከ ታች አያት። «እሷስ የምን ካቶሊክ ናት?»

«እንዳንተው።»

«እንደኔ ብትሆንማ ዛሬ ዝም ብሎ ሐሙስ ነበር።»

የምንለው ባይገባትም በሩ መዘጋቱ ገብቷታል። ወደ ፊት መጣችና «ክፈት!» አለችው።

«ቁልፉ አባ ጋ ነው። አባ ከተማ ወጥተዋል።»

«ጥራው!»

«ማንን? አባን?» ወደ እኔ ዞረ። «እናቴ፣ ይቺ ሴት አለቃ ናት እንዴ?»

«አዎ፣ የስፌት» አልኩት።

ስልኳን አውጥታ አሳየችው። እህቷ የላከችው ፎቶ ነው፤ በአገሯ የቤተክርስቲያን በሮች ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ሰው በአበባና በሻማ መካከል ይተላለፋል። ዘበኛው አየና ከልቡ አዘነ። እሷ ግን ስልኩን ነጠቀችውና መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ዝግ አይቆጠርም» አለች። ጨርቅ ተበላሽቶ ሲመለስ እንደምትለው ነበር ያለችው። «ማዘር፣ ዝግ አይቆጠርም።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። የምነግራት ነገር ነበረኝ፤ በምን ቃል እንደምነግራት ግን አላውቅም። እጄን ሕፃን እንደያዘ ሰው አጥፌ፣ ሆዴን እያሳየሁ፣ ግንባሬን እንደሚያተኩስ ሰው እየነካሁ ነገርኳት።

ያኔ አቃቂ፣ ባቡር ሐዲዱ አጠገብ ነበር የምንኖረው። ልጄን ከወለድኩ ሳምንታት ብቻ አልፈዋል። በእኛ ሥርዓት የሴት ልጅ እናት ሰማንያ ቀን እስኪሞላ ቤተክርስቲያን አትገባም፤ ልጅቷም የምትጠመቀው ያኔ ነው። ልጄ አንድ ጠዋት እንደ እሳት ጋለች። ጡት አልያዝ አለች። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር። በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ክሊኒክ ሮጥኩ፤ መርፌ ወጉልኝና ቤት ወስደሽ ጠብቂ አሉኝ። ስመለስ እግሬ ወደ ቤት አልሄድ አለ። ክርስትና ሳትነሣ እንዳታመልጠኝ ነበር ፍርሃቴ። ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ደርሼ መግባት ስለማልችል ቆምኩ። ደጁ ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ነዳይ አዩኝ።

«አራስ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«እንግዲያ እዚያው ቁሚ። ከዚህም ይሰማል።»

የበሩን መቃን ተሳልሜ ተሳልኩ። ልጄ ይኸው ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት።

ይህን ሁሉ በእጄ ስነግራት ዘበኛውም ከትንሿ በር ሆኖ ይከታተል ነበር። ተነሥቼ ወደ ብረት በሩ ሄድኩ። ግንባሬን አስነካሁት፤ ሳምኩት። እሷ አየችኝና መጣች። እንደኔው ግንባሯን አስነካች፤ ከንፈሯን አስጠጋች፣ ፈጥና ሸሸች።

«ትኩስ!»

የጠዋት ፀሐይ ብረቱን አግሎት ነበር። ያን ቀን መጀመሪያ የሳቀችው እዚያ ነው። ከዚያ ተመልሳ ሳመችውና ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ ቆመች። ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ።

«አንድ» አለች ስትጨርስ። «ማዘር፣ ቀጥይ።»

ዘበኛው ራሱ ነው ቀጣዩን ያመላከተን፤ የመነኮሳይት መዋዕለ ሕፃናት ነበር። ግቢው በሕፃናት ጩኸት ተሞልቷል። በሩን የከፈተችልን መነኩሲት ሽርጥ ታጥቃ እጇ በቀለም ተበክሏል። ስለ ልጅቷና ስለ ሰባቱ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«በዚህ ዙሪያ ሰባት? ሰባት የለም እናቴ!»

«ያለውን ንገሪን ሲስተር» አልኳት። «የቀረውን እሱ ይጨምርበት።»

ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ከአንድ ክፍል የማትበልጥ ጸሎት ቤት ከፈተችላት። እኔ የበሩ ደፍ ላይ ቆምኩ። ተከራዬ በጉልበቷ ተንበረከከች። ሕፃናቱ በመስኮት ተንጠልጥለው ያዩዋት ነበር፤ አንዷ ጥርሷ የወለቀ ነው። እሷም አይታት ይሆን አልኩ። ስትወጣ ያቺን ልጅ ፈልጋ አገኘቻትና «ጥሩ ነው» አለቻት፣ የልጅቷን ራስ እየዳሰሰች።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ በአብዛኛው በእግር ሆነ። መነኩሲቷ ያለችን አንዱ ዝግ ነበር፤ ደጁን ተሳለምን። ሌላው ጋ ስንደርስ ከልጆች በቀር ማንም የለም፤ ክፍት ነው፣ ገባች። ባጃጅ ይዘን አንድ ጊዜ ተሳሳትንና ብሎኬት ማምረቻ ግቢ ገባን። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመስኩም፤ ጾም እስከ ዘጠኝ ነው። እሷ ይህን ታውቃለችና የያዘችውን ውኃ አትጠጣም፤ ጠጪ ብላት «ማዘር ትጠጣ» ትላለች። በየመሐሉ ስልኳን ታያለች። በእነሱ አገር ሰዓቱ ከእኛ ይቀድማል። እኛ ጋ ቀትር ሲሆን እዚያ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ያቺን ስልክ ስታይ ባየሁ ቁጥር እርምጃዬን አፈጥናለሁ፤ ቆይቶ ግን ማን ማንን እንደሚያጣድፍ አልታወቀም።

አምስተኛው ላይ ካህኑን በቱታ አገኘናቸው። የውኃ ፓምፕ ፈትተው መሬት ላይ ዘርግተውታል። ሠራተኛ ስለመሰሉኝ «ወንድሜ፣ አባን ፈልገን ነበር» አልኳቸው።

«አባ ቅባት በቅባት ሆነዋል» አሉ እጃቸውን እያሳዩኝ። «ምን ልታዘዝ?»

አፈርኩ። ተከራዬ አላፈረችም። «አንተ አባ?»

«እኔ አባ።»

«ጸልይ!»

«ይቅርታ አባ፣ አማርኛዋ የፋብሪካ ነው» አልኳቸው።

«ተይያት እናቴ። ጳጳሱም እንዲህ አዝዘውኝ አያውቁም።» እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና እዚያው ፓምፑ አጠገብ ቆመው የልጅቷን ስም ጠየቁ። ተከራዬ ነገረቻቸው። ስሙን ሁለት ጊዜ አስደግመው በትክክል ያዙት፤ ከዚያ በግዕዝ ጸለዩላት። እኔ የማውቀው ጸሎት ነበር። አብሬ አሜን አልኩ፤ አሜን ካልኩ በኋላ ነው የማን ግቢ ውስጥ እንዳለሁ ያስታወስኩት።

ስድስተኛው ወደ ሳሪስ በኩል ነበር። ታክሲ አጥተን ስለቆየን ስንደርስ አመሻሽቷል። ቤተክርስቲያኑ ክፍት ነው፤ ጥቂት ሰዎች መቁጠሪያ ይዘው በኅብረት ይጸልያሉ። ተከራዬ ቦርሳዋን ሰጠችኝና ገባች፤ ከፊት ወንበር ተንበረከከች። እኔ ደጅ ቆምኩ።

አልወጣ አለች። የኔ ስጋት ሌላ ነበር፤ ሰባተኛው ገና አልተገኘም፣ ቀኑ ግን አልቋል። ከበሩ ወደ ግቢው አጥር፣ ከአጥሩ ወደ በሩ እመላለሳለሁ። በዚህ መሐል ቦርሳው ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

አወጣሁት። የእናቷ ፎቶ ነው። ላንሣው? አንሥቼ ምን ልል? ዝም ብለው እንዳይዘጉት ፈራሁ፤ ክፉ ወሬ እንዳይሆንም ፈራሁ። ወደ በሩ ሮጥኩ። ደፉ ላይ ስደርስ እግሬ ራሱ ቆመ፤ የንስሐ አባቴ ቃል እግሬ ውስጥ ነበር። ስልኩ ይጮኻል። እጄን ወደ ውስጥ የቻልኩትን ያህል ዘርግቼ «ልጄ!» ብዬ ተጣራሁ።

የሚጸልየው ሁሉ ዞረ። እሷም ዞረች። ወንበር እየገፋች ወጥታ ከእጄ ነጠቀችው።

ልጅቷ ራሷ ናት፤ እዚያ ሌሊት ቢሆንም አልተኛችም። ከነጭ አንሶላ ላይ ፊቷ ብቻ ይታያል፤ ትንሽ ሆናለች። እናትየው የምታውቀውን ትእዛዝ ሁሉ ትታ በቋንቋዋ ቀስ ብላ አወራቻት። ልቅሶ የለም፤ ድምፅዋ እንደ ሌላ ጊዜው ነው፤ በነጻ እጇ ግን የበሩን መቃን ይዛለች። ከኋላ ሄጄ በክንዴ ደገፍኳት። በመጨረሻ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው።

«ሃሎ ማዘር» አለችኝ ልጅቷ። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኗል።

እጄን አውለበለብኩላት። ሳቅኩላትም። ስልኩ ሲዘጋ ሁለታችንም ደጁ ደረጃ ላይ ተቀመጥን፤ ከውስጥ ጸሎቱ ቀጠለ።

ሰባተኛው አለ የተባለው መሐል ከተማ ነው። ታክሲ መያዣው ጋ ስንደርስ ሰልፉ ታጥፎ ታጥፎ ጫፉ አይታይም። ከገብርኤል የሚመለሰው፣ ከሥራ የሚወጣው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ብንሄድም ተዘግቶ ይጠብቀናል፣ ስንመለስም መኪና የለም። እሷ ደግሞ የሐሙስን እንጂ የዓርብን ፈቃድ አላገኘችም፤ ለገዢ የሚጫን ልብስ አለ ብለዋታል፤ የፋብሪካው ሰርቪስ በማለዳ ይመጣል። ሰልፉን አየች፤ ሰማዩን አየች።

«ስድስት» አለች። «አልሞላም።»

ወደ ኮዬ በሚመለሰው ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ላስረዳት ሞከርኩ። እኛ ስንሳል የተሳልነውን የምናገባው ከሰማን በኋላ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ያደርጋል፣ ከዚያ እኛ እናደርሳለን። ስድስቱ ላንቺ በቂ ነው፤ ሰባተኛው ሲሰማሽ ይገባል። ይህን በእጅም በቃልም ነገርኳት።

በደንብ ሰማችኝ። ቆይታም «ማዘር፣ ዶክተር ሰባት ስፌት ቢሰፋ፣ ስድስት ሰፍቶ ነገ ይላል?» አለችኝ።

አጠገባችን የተቀመጡ ሰውዬ «እውነቷን ነው» አሉ ሳይጠየቁ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ቤት ስንገባ እግሯን በሙቅ ውኃ አጠብኩላት። እምቢ አላለችም። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገባች፤ እኔም ወደ አልጋዬ። እስኪነጋ ስለሆነው አልጽፍም፤ እናቶች ያውቁታል።

ጠዋት ስነሣ ጫማዋ ከበሩ ጎን የለም፤ ሰርቪሷ መጥቶ ሄዳለች። ጠረጴዛው ላይ ከጎረቤቴ ሁለት ጧፎች የተረፈችው አንዷ አለች። ሌላዋን መነኮሳይቱ ጋ ነበር ያበራንላት። ጧፏን እያየሁ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

«ማዘር! ተነሺ!»

«ተነሥቻለሁ ልጄ፣ ተነሥቻለሁ። ምን ሆነ?»

«ወጣች! ልጅ ወጣች! ዶክተር ጥሩ ነው አለ፣ ቀጥይ አለ!»

ከኋላዋ የመኪናው ድምፅ ነበር፤ ከዚያ የስፌት ልጆቹ በአንድ ላይ እልልታውን ለቀቁት፤ ሌላ ነገር መስማት አልቻልኩም። ስልኩን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተደፋሁ። ተመስገን ከማለት ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ ሌላም አያስፈልግም ነበር።

ተነሥቼ ግን አላረፍኩም። ልጅቷ ተርፋለች፣ ስድስቱ በቅቷታል፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ቢሆንም ሰባተኛው ከሐሳቤ አልወጣም። ትናንት ለሷ በኋላ ይገባል ያልኳት እኔ ነኝ፤ አሁን ኋላ ደርሷል። እሷ ፋብሪካ ውስጥ ናት። በእኛ ዘንድ ደግሞ እግር ያጣ ሰው ስለቱን በሌላ እጅ ይልካል።

ግን የት? ጧፏን በእጄ አንከባልዬ አሰብኩ። ትናንት በእጄ የነገርኳት ነገር መልሶ መጣብኝ፤ ፎጣው፣ መርፌው፣ ጠብቂ ያሉኝ ሴቶች። ነጭ ለብሰው፣ እንደ ካቶሊክ መነኮሳይት አንገታቸው ላይ ትንሽ መስቀል ያደርጉ ነበር። ልጄን ለክትባት ሳመላልስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ እየጠበቅሁ ከክሊኒኩ ጀርባ ደወል ሲደወል እሰማ ነበር። ያን ጊዜ ልጅ ይዤ ነበርና የምን ደወል ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወረድኩ። ደረጃው ላይ ጎረቤቴ «ምነው፣ ዛሬም?» አለችኝ።

«ተረፈች!» አልኳት ሳልቆም። እልልታዋ እስከ ታች ተከተለኝ።

አቃቂ ወርጄ የአሮጌውን ሐዲድ ተሻገርኩ። የነበርንበት ሰፈር ግማሹ ፈርሷል፤ ክሊኒኩ ግን አለ፣ የበሩ ቀለም ብቻ ተለውጧል። በአጥሩ ዞሬ ወደ ኋላ ሄድኩ። እዚያ ሌላ በር አለ፤ ከበላዩ ትንሽ መስቀል፣ ከመስቀሉ ጎን ደወሉ። ያቺው ደወል ናት። በሩ ክፍት ነው። የኔ እኩያ የምትሆን ሴት መጥረጊያ ይዛ ደጁን ትጠርጋለች።

«ግቢ እንጂ እህቴ፣ ክፍት ነው» አለችኝ።

«አይ፣ ከዚህም ይሰማል» አልኳት።

ጧፏን ሰጥቻት ውስጥ እንድታበራልኝ ለመንኳት። የማን ናት አለችኝ። የአንዲት እናት ናት፣ ሥራ ላይ ሆና ነው አልኳት። መጥረጊያዋን አስደግፋ ገባች፤ ብርሃኗን ከደጅ ሆኜ አየሁት።

መቃኑን ሳምኩ። ያ ስለ እሷ ልጅ ነው። ደግሜ ሳምኩ፤ ያኛው ስለ ልጄ ነው፣ ስለዚያ ጠዋት መርፌ።

ከዚያ ወደ ቂሊንጦ የሚጭን ታክሲ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ለምሳ ሲለቀቁ ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ «ሰባት» ልላት።